ያውቁ ኖሯል? ቅዳሜ ምድር ቤት የምትውልበት ቤት

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ኪሱ ውስጥ ያለችውን የአምስት ሳንቲም ኒክል አውጥቶ ያገላብጣት። በአንዱ ገጿ የሰውዬው ፊት፣ በሌላው ገጿ ደግሞ ቤቱ አለ። ሰውዬው የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ያረቀቀው፣ በኋላም ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ቤቱ ሞንቲቼሎ ይባላል፤ በቨርጂኒያ፣ ከሻርሎትስቪል ከተማ አጠገብ ካለ ተራራ አናት ላይ ተቀምጧል።

ጄፈርሰንን በብዕሩ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ወደ ቤቱ ስንገባ የምናገኘው ግን ሌላ ሰው ነው፦ በር እንዴት ቢከፈት ይቀላል፣ ደረጃ ለምን ይህን ያህል ቦታ ይበላል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ለምን ውጭ ይወጣል እያለ ሲያስብ ዕድሜውን የፈጀ የብልሃት ወዳጅ። ዛሬ ቤቱን ክፍል በክፍል እንዞረዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ተራራው ላይ

● ሞንቲቼሎ በጣሊያንኛ «ትንሽ ተራራ» ማለት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጄፈርሰን የተራራውን አናት ማስደልደል የጀመረው በ1768፣ በ25 ዓመቱ ነበር።

● ቤቱ በመጨረሻ አለቀ የተባለው በ1809 እንደሆነስ? ያኔ ባለቤቱ 66 ዓመት ሞልቶታል። ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራ፣ ሲያፈርስና መልሶ ሲያሻሽል ኖሯል።

● ይህን ሁሉ የነደፈው ሰው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ያውቁ ኖሯል? ያስተማሩት መጻሕፍት ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚያከብረው መምህሩ ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የኖረው ጣሊያናዊው አንድሪያ ፓላዲዮ ነበር።

● የመጀመሪያውን ሞንቲቼሎ ራሱ ባለቤቱ እንዳፈረሰውስ? ከ1784 እስከ 1789 ፓሪስ ሲቀመጥ ኦቴል ደ ሳልም የተባለው ሕንፃ ሲገነባ አየና ልቡ ተሰረቀ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1796፣ የቤቱን የላይኛውን ደርብ አስነሥቶ በአዲስ ንድፍ ሥራውን እንደገና ጀመረ።

● ከውጭ ሲያዩት ፎቅ ያለው የማይመስለው ይህ ቤት ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ደርብ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ምስጢሩ ያለው መስኮቶቹ ላይ ነው። የሁለተኛው ደርብ መስኮቶች ከወለሉ ጋር ተስተካክለው ስለተሠሩ ከታችኞቹ ጋር ተያይዘው እንደ አንድ ረጅም መስኮት ይታያሉ። ሦስተኛው ደርብ ደግሞ ብርሃኑን የሚያገኘው በጣሪያ ላይ ከተከፈቱ መስኮቶች ነው።

● ሞንቲቼሎ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ መዝገብ ላይ እንደሰፈረስ? ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978፣ ሞንቲቼሎ ደግሞ ጄፈርሰን ከነደፈው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1987 ነው።

ጊዜና ነፋስ

● በመግቢያው አዳራሽ ያለው ትልቅ ሰዓት የሳምንቱን ቀን ጭምር እንደሚናገር ያውቁ ኖሯል? ጄፈርሰን ራሱ ነድፎት በ1792 ገደማ ፊላዴልፊያ ውስጥ ተሠራለት። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት የመድፍ አረር የሚመስሉ ክብደቶች በገመድ ተንጠልጥለው በግድግዳው ጥግ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ግድግዳው ላይ የቀናቱ ስም በተርታ ተለጥፏል፤ ክብደቱ የደረሰበት ስም የዕለቱ ቀን ነው።

● የአዳራሹ ቁመት ለሰባት ቀን እንዳልበቃስ ያውቁ ኖሯል? ገመዱ ረዘመ፣ ግድግዳው አጠረ። ጄፈርሰን ሰዓቱን ከመቀየር ይልቅ ወለሉን አስበሳ። ክብደቶቹ በቀዳዳው አልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በዚህ የተነሣ በሞንቲቼሎ ቅዳሜ የምትውለው ምድር ቤት ነው።

● እሑድ እሑድ ሰዓቱን ለመሙላት የሚወጡበት መሰላል ሲታጠፍ አንድ ምሰሶ እንደሚመስልስ? መርገጫዎቹ በሁለቱ ቋሚዎች ውስጥ ገብተው ይከተታሉ፤ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ጥግ አያልፍም።

● ሰዓቱ ጣሪያው ላይ ከተሰቀለ የቻይና ጎንግ ጋር እንደተያያዘ ያውቁ ኖሯል? የነሐሱ ድምፅ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰማ እንደነበር ይነገራል።

● ሰዓቱ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይመለከታል። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ምክንያቱን ለመጨረሻ አቆይተነዋል።

● ከቤት ሳይወጡ የነፋሱን አቅጣጫ ማወቅ ይቻል እንደነበርስ? ጣሪያው ላይ ያለው የነፋስ አመልካች በዘንግ ከታች ካለው ቀስት ጋር ተያይዟል። ቀስቱ በበረንዳው ኮርኒስ ላይ በተሣለ የአቅጣጫ ክብ ላይ ይዞራል፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

በሮች፣ አልጋዎች፣ ደረጃዎች

● ከአዳራሹ ወደ ሳሎኑ የሚያስገባውን ባለ ሁለት ክንፍ የመስታወት በር አንዱን ክንፍ ብቻ ሲገፉት ሌላውም አብሮ እንደሚከፈት ያውቁ ኖሯል? ከወለሉ ሥር የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ የተጠመጠመ ሰንሰለት ሁለቱን ክንፎች ያገናኛል። ሰንሰለቱ ስለማይታይ በሩን ከፍቶ የሚያልፍ እንግዳ ብልሃቱን አያገኘውም።

● በቤቱ ውስጥ ሰፊ ደረጃ የሚባል ነገር እንደሌለስ? የደረጃዎቹ ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጄፈርሰን አዳራሽ መሐል የሚንሰራፋ ደረጃን እንደ ቦታ ብክነት ይቆጥረው ነበር። ይህ ቁጠባ ዋጋ ያስከፈለው ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ልጅ ታቅፈው ወይም ዕቃ ተሸክመው የሚወጡትን ሰዎች ነው።

● ከጉልላቱ ሥር ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ግድግዳው ቢጫ፣ ወለሉ አረንጓዴ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ እጅግ ያማረው እሱ ነው፤ በእነዚያ ደረጃዎች መድረስ አስቸጋሪ ሆነና አንድ ወቅት የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር።

● አልጋዎቹ ክፍሉ መሐል እንዳልቆሙስ? እኛ መደብን ከግድግዳ ጋር አያይዘን እንደምንሠራው፣ እሱም ፓሪስ ያየውን ልማድ ተከትሎ አልጋን ግድግዳ ውስጥ በተቦረቦረ ቦታ ያስገባል። የተረፈው ወለል ሙሉ በሙሉ ለመቀመጫና ለመንቀሳቀሻ ይውላል።

● የጄፈርሰን የራሱ አልጋ በሁለት ክፍሎች መካከል እንደተዘረጋ ያውቁ ኖሯል? በአንድ ወገን ቢወርድ መኝታ ክፍሉ ነው፣ በሌላው ወገን ቢወርድ ጽሕፈት ቤቱ። በእግሩ በኩል ሰዓት አስቀምጦ ነበር፤ ጎሕ ቀዶ ቆጣሪዎቹን መለየት እንደቻለ ይነሣ ነበር።

● ከዚሁ አልጋ በላይ የልብስ ማስቀመጫ እንዳለስ? አየርና ብርሃን የሚያስገቡ ሦስት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉት። ቤቱን የጎበኘ አንድ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት እንደመዘገበው፣ ጄፈርሰን ኮቶቹንና ሰደርያዎቹን የሚሰቅልባቸው 48 ክንዶች ያሉት ተሽከርካሪ መስቀያ ነበረው፤ በረጅም ዱላ እያዞረ የሚፈልገውን ያወጣል፣ ለእንግዳም ማሳየት ይወድ ነበር።

● አንዳንዶቹ መስኮቶች በር መሆን እንደሚችሉስ ያውቁ ኖሯል? ሦስት ተንሸራታች መስታወቶች ተደራርበው ተሠርተዋል፤ የታችኞቹ ሁለቱ ወደ ላይ ሲገፉ ሰው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይፈጠራል። የመመገቢያ ክፍሉንና የሻይ ክፍሉን የሚለዩት በሮች ደግሞ በመንኮራኩር እየተንሸራተቱ ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ፤ በክረምት ሲዘጉ በሰሜን በኩል ካለው የሻይ ክፍል የሚመጣውን ብርድ ይገቱታል።

ጽሕፈት ቤቱ

● ጄፈርሰን በሕይወቱ ወደ 19,000 ደብዳቤ እንደጻፈ ያውቁ ኖሯል? ለአብዛኛው ደግሞ ግልባጭ ይይዝ ነበር።

● ከ1804 ጀምሮ ግልባጩን የሚሠራለት ሁለተኛ ብዕር እንደነበረስ? ፖሊግራፍ የሚባለው መሣሪያ ሁለት ብዕሮችን በእንጨት ክንዶች ያያይዛል። ጸሐፊው አንዱን ይዞ ሲጽፍ ሌላው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ተከትሎ በጎን ባለ ወረቀት ላይ ያንኑ ይጽፋል። ጄፈርሰን ከዘመኑ ፈጠራዎች ሁሉ ያስበልጠው ነበር።

● ፖሊግራፍን የፈጠረው ግን እሱ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ፈጣሪው ጆን አይዛክ ሆኪንስ ነው፤ በአሜሪካ ያሻሻለውና የሸጠው ሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል። የጄፈርሰን ድርሻ እየሞከረ ጉድለቱን እየነቀሰ ለፒል መጻፍ ነበር። በሞንቲቼሎ ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፦ ከሌላ ቦታ የታዩ፣ ከዚያ ለዚህ ቤት ተስተካክለው የተሻሻሉ።

● አምስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ገልጦ እያዞረ የሚያነብበት ተሽከርካሪ አትሮንስ እንደነበረውስ? የተሠራው እዚያው ተራራው ላይ ባለው የአናጢዎች ቤት ነው።

● የሚሽከረከር ወንበርም ነበረው። የፖለቲካ ተቃዋሚዎቹ በሁሉም አቅጣጫ ለማየት ያሠራው ነው እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ዛሬ ከቢሮ ወንበሮቻችን መካከል የማይሽከረከር ማግኘት ይከብዳል።

● የነፃነት መግለጫው የተረቀቀው ጄፈርሰን ራሱ በነደፈው ትንሽ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ ወረቀትና ብዕር የሚይዝ ተቆላፊ መሳቢያ ያለው ነው። አሁን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል።

● ያው ሰው ሐምሌ 4 ቀን 1776 ፊላዴልፊያ ውስጥ ለቴርሞሜትር ገንዘብ እንደከፈለስ? የዕለቱን ሙቀትም መዝግቧል፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት 24 ዲግሪ ገደማ። ታላቅ ታሪክ በሚጻፍበት ቀን የአየሩን ጠባይ አልረሳም።

● በኪሱ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማስታወሻ ይዞ ይዞር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ስስ ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ቀን በእርሳስ የጻፈውን ማታ ወደ መዝገብ ይገለብጥና ገጾቹን ጠርጎ ለነገ ያዘጋጃቸዋል።

● በ1790 የወጣውን የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ ተከትሎ ማመልከቻዎችን ይመረምሩ ከነበሩት ሦስት ባለሥልጣናት አንዱ ጄፈርሰን እንደነበርስ? ለራሱ ግን አንድም የባለቤትነት መብት አላወጣም። በስሌት ቀርጾ አፈር በቀላሉ እንዲገለብጥ ያሻሻለውን የማረሻ ክፍል እንኳ ማንም እንዲሠራበት በጽሑፍ አሳተመው።

● ምስጢር ለመጻፍ 36 የእንጨት ክቦች በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩበት መሣሪያ መንደፉን ያውቁ ኖሯል? በየክቡ ዙሪያ የፊደል ተራው ተዘበራርቆ ተጽፏል፤ የክቦቹን ቅደም ተከተል ያላወቀ አያነበውም። በ1922 የአሜሪካ ጦር ይህንኑ የሚመስል መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ፤ የጦሩ ሰዎች ሐሳቡን የደረሱበት በራሳቸው መንገድ ነበር።

● በ1815 ለአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) 6,487 መጻሕፍት በ23,950 ዶላር እንደሸጠስ? እንግሊዞች ዋሽንግተንን ሲያቃጥሉ የነደደውን ቤተ መጻሕፍት የተካው ይህ ስብስብ ነው። ከእሱ ያደገው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ቶማስ ሊፐር ኬን የተባለ ሰው የሰበሰባቸውን የግእዝ ብራናዎችም በክብር ይዟል።

ጓዳና ማዕድ

● ከመመገቢያ ክፍሉ ምድጃ ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሽ በሮች ምን እንደሚደብቁ ያውቁ ኖሯል? የወይን ጠጅ አሳንሰር ነው። ታች በወይን ጓዳው ውስጥ ያለ ሰው ጠርሙሱን ያስቀምጣል፣ በገመድና በመዘውር ወደ ማዕዱ ይወጣል።

● የመመገቢያ ክፍሉ አንዱ በር በመሐሉ እንደሚሽከረከርስ? ጀርባው ላይ መደርደሪያዎች አሉት። ሳህኖቹ ከውጭ ይደረደሩበታል፣ በሩ ይዞራል፣ ምግቡ እንግዶቹ ዘንድ ይደርሳል፤ ያመጣው ሰው ግን አይታይም።

● ጄፈርሰን የማካሮኒ መሥሪያ መኪናን በእጁ ሥሎ እንዳስቀረ ያውቁ ኖሯል? ሥዕሉ ከነማብራሪያው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ። በእጅ ጽሑፉ የቀረ የቫኒላ አይስክሬም አሠራርም እዚያው ይገኛል፦ ወፍራም ክሬም፣ ስድስት የእንቁላል አስኳል፣ ስኳርና ቫኒላ።

● ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን በበጋ ሥጋና ቅቤ እንዴት ይቆይ እንደነበርስ? በ1802 ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀትና ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ተቆፈረ። በክረምት ከሪቫና ወንዝ የተቆረጠ በረዶ በጋሪ እየወጣ ይሞላበት ነበር።

● ኩሽናው እንደ ፈረንሳይ ቤቶች ባለ ስምንት አፍ የከሰል ምድጃ ነበረው። አብሳዩ ለእያንዳንዱ ድስት ለብቻው እሳቱን መመጠን ይችል ነበር።

ያስቸገረው

● በዚህ ሁሉ ብልሃት መካከል ቤቱን እጅግ ያስቸገረው ውሃ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ተራራ አናት ላይ 20 ሜትር የተቆፈረው ጉድጓድ በተደጋጋሚ ይደርቅ ነበር።

● መፍትሔውን ከሰማይ እንደፈለገስ? የጣሪያውን ዝናብ የሚቀበሉ አራት ማጠራቀሚያዎች አስቆፈረ፤ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 2.4 ሜትር ናቸው። ልስኑ ግን ውሃ አልይዝ አለ፤ ለዓመታት ሲጠግናቸው ኖረ።

● ሌላ ቤት ደግሞ እንደነበረው ያውቁ ኖሯል? በሞንቲቼሎ እንግዳ ሲበዛበት የሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ ወደ ፖፕላር ፎረስት ይሄዳል። ከ1806 ጀምሮ ያሠራው ይህ ቤት ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። መሐሉ ላይ ያለው የመመገቢያ ክፍል ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ እኩል 6 ሜትር ሆኖ ብርሃን የሚያገኘው ከጣሪያው ነው።

● ሐምሌ 4 ቀን 1826 ሲሞት ከ107,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ እንደሄደስ? የነፃነት መግለጫው ከጸደቀ ልክ 50 ዓመት ሞልቶ ነበር።

እጆቹ

የጥበብ ቤት ስመለከት ልቤ በደስታ ይመታል፤ በሞንቲቼሎም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ በየብልሃቱ ጀርባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ጠርሙሱን አሳንሰሩ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ ቤቱን ጎበኘሁ ማለት አይቻልም።

● ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ የጻፈው ሰው በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት እንደያዘ ያውቁ ኖሯል?

● ኩሽናው፣ የፈረስ ጋጣውና የሥጋ ማጨሻው ከሰገነቶች ሥር ተሠርተው ከተራራው ጎን እንደተሸሸጉስ? ከምድር ቤቱ ጋር የሚያገናኛቸው መተላለፊያም አለ። ባለቤቱ መልክዓ ምድሩን ሳይጋረድ ያያል፤ የሚያገለግሉት ሰዎች ግን ከመሬት በታች ይመላለሳሉ።

● የፈረንሳዩን ምግብ አሠራር ወደ ሞንቲቼሎ ያመጣው ጄምስ ሄሚንግስ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፓሪስ ድረስ ተወስዶ ሙያውን ተማረ። ነፃነቱን ያገኘው በ1796፣ ወንድሙን ፒተርን ካስተማረ በኋላ ነው።

● ለብዙዎቹ ንድፎች ሥጋ ያለበሳቸው ጆን ሄሚንግስ የተባለ በባርነት የኖረ አናጢ እንደሆነስ? ለጄፈርሰን የልጅ ልጅ የሠራው የጽሕፈት ጠረጴዛ ወደ ቦስተን ሲጓዝ ባሕር ላይ ጠፋ። የነፃነት መግለጫው የተጻፈበት ያ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ለልጅቱ ባል የተሰጠው በጠፋው ምትክ ነው። የጄፈርሰንን የሬሳ ሣጥን የሠራውም ጆን ነበር።

● ለሽያጭ የሚሆን ምሥማር የሚቀጠቅጡት ከ10 እስከ 16 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል?

● ጄፈርሰን በኑዛዜው ነፃ ያወጣው አምስት ሰው ብቻ እንደሆነስ? በጥር 1827 ለዕዳው ሲባል ወደ 130 የሚሆኑ ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። ኑዛዜው ነፃነት የሰጠው አንጥረኛው ጆ ፎሴት ሚስቱና ልጆቹ ሲሸጡ ቆሞ አየ። ሚስቱ ኢዲት በዚያ ባለ ስምንት አፍ ምድጃ ላይ ዋናዋ አብሳይ ነበረች። ልጃቸው ፒተር ያኔ 11 ዓመቱ ነበር።

● አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ወደ አዳራሹ የሚመለከተው ፊት ሰዓቱን፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን ይቆጥራል። ወደ ውጭ፣ ወደ ሥራው የሚመለከተው ፊት ግን አንድ ቆጣሪ ብቻ አለው፤ እሱም የሰዓት ነው። ጄፈርሰን ውጭ ለሚሠሩት ሰዓቱን ማወቅ ይበቃቸዋል ብሎ ወስኖ ነበር።

● በዚያ አንድ ቆጣሪ ሥር ያደገው ፒተር ፎሴት ከዓመታት በኋላ ነፃነቱን አግኝቶ በሲንሲናቲ ሰባኪ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በ1900፣ በ85 ዓመቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተውለት ወደ ሞንቲቼሎ ተመለሰ። በልጅነቱ የተሸጠበትን ቤት እንግዳ ሆኖ ጎበኘው።